ከእህልና ከሊጥ የሚሠሩ የገና ማስጌጫዎች በጎንደር ቤት

ከፈንዲሻ፣ ከሊጥ፣ ከፍራፍሬና ከቅመም ማስጌጫ መሥራት በሰሜኑ የዓለም ክፍል የክረምቱ ብርድ ልጆችን ከቤት ሲያውላቸው የሚዘወተር ሥራ ነው። እኛ «ክረምት» የምንለው የዝናቡን ወራት ስለሆነ ግን ለጎንደር ቤተሰብ የሚመቸው ጊዜ በጋው፣ በተለይም ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥምቀት ያለው ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በእነዚህ ወራት ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ቀኑ ግን ፀሐያማ፣ አየሩም ደረቅ ነው። የብርቱካን ቁራጭም ሆነ ሊጥ ሳይሻግት የሚደርቀው በዚህ አየር ነው፤ በሐምሌ ቢሞከር ከመድረቁ በፊት ይሻግታል።

የገና ዛፍ ራሱ ከውጭ የመጣ ልማድ ነው። በክር ሰክቶ ማንጠልጠሉ ግን ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ኮረሪማ ተበስቶ በክር እንደ መቁጠሪያ ተሰክቶ ለገበያ ይቀርባል፣ ነጭ ሽንኩርትም ተጎንጉኖ ይሰቀላል። ከቅዳሜ ገበያ የተገዛ አንድ የኮረሪማ ክር ምንም ሳይጨመርበት በዛፉ ላይ ቢጠመጠም ቡናማ መልኩም ሽታውም ከፕላስቲክ ኳስ ይበልጣል ብል አላጋነንኩም።

ፈንዲሻ ለትንንሽ እጆች ቀላሉ ሥራ ነው። ጨውና ስኳር ሳይነካው፣ ዘይቱም በጣም ተቀንሶ ይፈነዳል። ትኩሱ ፈንዲሻ መርፌ ሲነካው ስለሚሰባበር ማደር አለበት፤ አድሮ ጥቂት እርጥበት ሲስብ ይለሰልሳል። በበጋው ደረቅ አየር ይህ ስለሚዘገይ እንፋሎት በማያጣው ማእድ ቤት ቢያድር ይሻላል። ክሩ ድርብ፣ መርፌውም ጫፉ ደልደል ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ካለፈ ልጆች መሰላቸት ብቻ ሳይሆን ክሩን ማወሳሰብ ይጀምራሉ። እየሰኩ መብላታቸው አይቀርምና እጥፍ አድርጎ ማፈንዳት ነው።

ሰፊው ሥራ የጨው ሊጥ ነው። ልኩ ሁለት ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ደቃቅ ጨውና እስከ አንድ ኩባያ የሚደርስ ውሃ ሲሆን፣ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ ሊጡ ከእጅ እስኪላቀቅ ይታሻል። ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ስለማይገባበት፣ ኅዳር 15 የሚጀምረው የነቢያት ጾም እስከ ገና ዋዜማ ሲጾም ቤቱን ፍስክ አያስነካም። በግማሽ ሴንቲሜትር ውፍረት ተዳምጦ በብርጭቆ አፍ ወይም በቢላ ይቆረጣል፤ ማንጠልጠያ ቀዳዳው ሊጡ እርጥብ ሳለ በስትሮ ይበሳል፤ ከደረቀ በኋላ ለመብሳት መሞከር ሰንጥቆ ማበላሸት ነው። ከዚያም በሰፌድ ላይ ተደርድሮ፣ ስስ ጨርቅ ለብሶ፣ በየቀኑ እየተገላበጠ ለብዙ ቀናት ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ምድጃ ያለው በ100 ዲግሪ ገደማ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ያቆየዋል፤ ሙቀቱ ከበዛ ሊጡ ያብጣል።

ቅርጹን በተመለከተ ኮከብና ደወል ከየትም ይገኛል። የጎንደር ልጅ ግን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣራ የሞሉትን ባለክንፍ የመላእክት ፊቶች ያውቃል። ክብ ሊጥ ፊት ይሆናል፣ በግራና በቀኝ ሁለት ክንፍ ይለጠፋል፤ ትልልቁ ዓይን ከነጭ ሊጥ ተቆርጦ መካከሉ ላይ የቅርንፉድ ራስ ይሰካል። ፀጉሩ ከውሃ ይልቅ በጥቁር ቡና ከተለወሰ ሊጥ ይሠራል። ቢጫ ከእርድ ይገኛል፤ የቀይ ሥር ቀለም መጀመሪያ ያምራል፣ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ግን ይደበዝዛል። በርበሬ ዓይን ስለሚያቃጥል በልጆች እጅ መግባት የለበትም።

ሎሚም ቦታ አለው። ልጣጩ ላይ ቅርንፉድ በመስመር ሲሰካበት ቀስ ብሎ እየደረቀ ለቀናት ቤቱን ያውዳል፤ ለጥምቀት ሎሚ ሊወረውር ያሰበ ወጣት ካለ ግን የሚወረውረው ሎሚ ይህኛው አለመሆኑን ማረጋገጥ አለበት።

ከምግብ የተሠራ ሁሉ አይበላም። የጨው ሊጥ ጨው እጅግ የበዛበት በመሆኑ ሕፃን ወይም ውሻ በብዛት ከበላው ይመርዛል። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ሆድ ያውካል፤ ሽምብራና ፈንዲሻ ከሦስትና ከአራት ዓመት በታች ያሉትን ሊያንቃቸው፣ በአፍንጫም ሊገባ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ጉሎ ነው፤ በአጥር ጥግ የሚበቅለው ዥንጉርጉር ፍሬው እንደ ዶቃ ስለሚያምር ልጆች ይለቅሙታል፣ ነገር ግን ሪሲን የተባለ ገዳይ መርዝ ስላለበት ለጌጥ መዋል የለበትም።

አንዳንድ አያቶች በእህል መጫወት አይወዱም፤ ወድቆ የተገኘ ቁራሽ ዳቦ እንኳ ተነሥቶ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጣልና። ቅሬታቸው ተገቢ ነው። ስለዚህ ጌጡ በሚፈርስበት ቀን የሚሆነው ቀድሞ ቢታሰብ ይበጃል። ጥር 11 ካለፈ በኋላ ፈንዲሻው ከክሩ ወጥቶ ለዶሮ ይሰጣል፣ የብርቱካኑ ልጣጭ ሻይ ውስጥ ይገባል፣ ኮረሪማው ወደ ቅመም ዕቃው ይመለሳል። የጨው ሊጡ ብቻ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ ጨው እርጥበት ስለሚስብ ሰኔ ሲገባ ከተከፈተ መላእክቱ ይለሰልሳሉ።