አቡጊዳ፣ ሳድስ፣ ሞክሼ፦ ስለ ፊደላችን የምናወራባቸው ቃላት

የሕንዱን ዴቫናጋሪ የሚያጠና የቋንቋ ምሁር ጽሕፈቱን «አቡጊዳ» ይለዋል። የታይም አቡጊዳ ነው፤ የቲቤትም እንዲሁ። ቃሉ ግን ከእኛው የቄስ ትምህርት ቤት የወጣ ነው።

ሕፃኑ መጀመሪያ ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያለ ፊደል ይቆጥራል። ችግሩ፣ በዜማ የተያዘ ነገር ሳያዩትም ይወርዳል። ልጁ ፊደሉን በመልኩ መለየቱን ለማወቅ ተራውን መበጥበጥ ያስፈልጋል። አቡጊዳ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አ ከግዕዝ፣ ቡ ከካዕብ፣ ጊ ከሳልስ፣ ዳ ከራብዕ፣ ሄ ከኃምስ፣ ው ከሳድስ፣ ዞ ከሳብዕ። ሁለተኛው መስመር በ፣ ጉ፣ ዲ፣ ሃ፣ ዌ፣ ዝ፣ ሖ ይላል። ፊደሉም ድምፁም አብረው ስለሚቀያየሩ በሽምደዳ ማምለጥ የለም።

የአቡጊዳ ተራ የዕብራይስጡን አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል፣ ዳሌት ይከተላል። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የሚለው ተራም ቢሆን ትናንት የመጣ አይደለም። በጥንቱ የደቡብ ዓረብ ጽሕፈት የታወቀ ነው፤ ሶርያ ውስጥ በጥንታዊቷ ኡጋሪት በተገኘ የሸክላ ጽላት ላይም ታይቷል።

ቃሉን ለዓለም የቋንቋ ጥናት ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ፒተር ዳንኤልስ ነው፤ ጊዜው 1990 እ.ኤ.አ.። እንደ ላቲን ባለው ጽሕፈት አናባቢው ራሱን የቻለ ፊደል ነው። ተናባቢውን ብቻ የሚጽፉትን ዓረብኛንና ዕብራይስጥን ዳንኤልስ «አብጃድ» አላቸው። በጃፓኑ ካና ደግሞ «ካ» እና «ኪ» በመልክ አይዛመዱም። የእኛ ከሦስቱም አይገጥምም። ለ፣ ሉ፣ ሊ አንድ መልክ ናቸው፤ የሚለያቸው ቅጥያው ነው። እንዲህ ያለውን ነው አቡጊዳ ያለው። የእኛም ጽሕፈት ቢሆን ከጥንት ጀምሮ እንዲህ አልነበረም። የድሮዎቹ የአክሱም ጽሑፎች አናባቢ የላቸውም፤ ስለዚህ አብጃድ ነበሩ ማለት ይቻላል። ቅጥያዎቹ ጎልተው የሚታዩት በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን በተቀረጹት ላይ ነው።

ካዕብ፣ ሳልስ፣ ራብዕ የሚሉት ስሞች የግዕዝ ቁጥሮች ናቸው፦ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ እያሉ ይቀጥላሉ። የመጀመሪያው ብቻ ቁጥር አልተሰጠውም፤ ግዕዝ ይባላል። የቋንቋውም ስም ግዕዝ ስለሆነ ጀማሪን ግራ ማጋባቱ አይቀርም።

ከሰባቱ ተንኮለኛው ሳድስ ነው። አንዳንዴ «እ» የምትል አጭር አናባቢ አለችው፣ አንዳንዴ ባዶውን ይቆማል። «ትምህርት» የሚለውን ቃል እንየው። አምስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው። ሲነበብ ግን ት እና ህ ብቻ አናባቢ ይይዛሉ፤ ም፣ ር እና የመጨረሻው ት ድርቅ ብለው ይቀራሉ። የሰዋስው ሰዎች «ቀለም» በሚሉት ከቆጠርን ቃሉ ሁለት ቀለም ነው፦ ትም፣ ህርት። ይህን የሚነግረን ምልክት ወረቀቱ ላይ የለም። ሕንዶች ቪራማ የሚባል አናባቢ ገዳይ ምልክት አላቸው። እኛ ለአንባቢው ትተነዋል።

ሌላው ለአንባቢ የተተወ ነገር መጥበቅና መላላት ነው። «ገና ገና ነው» ብዬ ብጽፍ የመጀመሪያው ጠብቆ በዓሉ ነው፣ ሁለተኛው ላልቶ «አልደረሰም» ማለት ነው። «ይበላል» ላልቶ ሲነበብ ሰውዬው በላተኛ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ተበዪ ይሆናል! አንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት ከሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ያደርጋሉ። በተራው ጽሑፍ ግን ማንም አይቸገርበትም።

አማርኛ ከግዕዝ 26 ፊደላትን ወርሶ ሰባት ጨመረ፦ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ። 33 በሰባት ሲባዛ 231 ይመጣል። አዲሶቹ ከሰ፣ ተ፣ ነ፣ ከ፣ ዘ፣ ደ፣ ጠ ላይ መስመር ተጨምሮ የተሠሩ ናቸው። ይህን የሠራው ሰው ማንም ይሁን ማን ጆሮው ስል ነበር። ከፈተ ያለው ከፋች ነው፤ ዘፈነ ያለው ዘፋኝ፣ ወሰደ ያለው ወሳጅ። ተ ወደ ች፣ ነ ወደ ኝ፣ ደ ወደ ጅ ይሄዳል። ምላስ ወደ ላንቃ ስለምትጠጋ ምሁራን ላንቃዊነት ይሉታል። ፊደሉ ግን በአንዲት መስመር ጨርሶታል። ከሰባቱ ኸ ብቻ ከዚህ ሕግ ውጭ ናት።

ዲቃላ የሚባሉት እንደ ኰ፣ ቈ፣ ጐ ያሉት ናቸው፤ ከንፈር ሾል ብሎ የሚነገሩ። በሰው ላይ ሲወረወር ስድብ የሆነው ቃል እዚህ ተራ የሙያ ስም ነው። የድሮ ጸሐፊ «ቊጥር» የሚለውን ዛሬ «ቁጥር» እንላለን፤ ዲቃሎቹ ከእጃችን እየወጡ ነው።

ብዙ ክርክር ያለው በሞክሼዎቹ ላይ ነው። ሞክሼ በስም የሚገናኙ ሰዎች ናቸው፤ እዚህ ደግሞ በድምፅ የሚገናኙ ፊደላት። ለመለየት ቅጽል ስም ወጥቶላቸዋል፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ አልፋው አ፣ ዓይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። በግዕዝ ልዩነቱ ትርጉም ይቀይራል፤ ሰአለ ለመነ፣ ሠዐለ ደግሞ ሥዕል ሣለ ነው። በአማርኛ ጆሮ ሁለቱ አንድ ናቸው። እኔ በበኩሌ ሁሉም ይቀሩ የሚል ሰው ጋር አልስማማም፤ የቃሉ ዘር የሚታወቀው በእነሱ ነው። ግን ዋጋ አለው። ፀሐይ የሚለውን ቃል ብቻ እንውሰድ። መነሻው ፀ ወይም ጸ ሊሆን ይችላል። መካከሉ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ። አሥራ ሁለት አጻጻፍ ማለት ነው፤ ሁሉም ደግሞ እኩል ይነበባል። ሰው ሳይቸገር ያልፈዋል። ኮምፒውተር ግን ካልነገሩት በቀር አሥራ ሁለት የተለያየ ቃል ያያል።

ፊደሉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በሦስተኛው እትም ነው። እያንዳንዱ ፊደል እዚያ ስም አለው። የመጀመሪያው «ኢትዮፒክ ሲላብል ሀ» ይባላል። ሲላብል ቀለም ነው። እንግዲህ ለአቡጊዳ ስሙን ያበደረው ጽሕፈት በኮምፒውተሩ መዝገብ ላይ በሌላ ስም ተመዝግቧል።