ዘላቂ የመስክ ትምህርት ግቢ ምንድን ነው?

ዘላቂ የመስክ ትምህርት ግቢ ማለት ተማሪዎች ለአንድ ቀን ወይም ለጥቂት ሌሊቶች ከመደበኛ ክፍላቸው ወጥተው ስለ ደን፣ ስለ ውኃ፣ ስለ አፈርና በእነዚህ ውስጥ ስለሚኖሩ ፍጥረታት በቦታው ተገኝተው የሚማሩበት፣ ራሱም ውኃውን፣ ኃይሉን፣ ምግቡንና ቆሻሻውን የሚይዝበት መንገድ ከሚያስተምረው ጋር የማይጋጭ ማዕከል ነው። የትርጉሙ ክብደት ያለው በኋለኛው ክፍል ላይ ነው። ጫካ ዳር የተሠራ ሁሉ ዘላቂ አይባልም፤ ደን ተመንጥሮ በተሠራ አዳራሽ ውስጥ ስለ ደን ጥበቃ ቢነገራቸው ቅራኔውን ቀድመው የሚያስተውሉት ልጆቹ ናቸው።

ሐሳቡ ሁለት ምንጮች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1977 ዩኔስኮ ከተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ጋር በዛሬዋ የጆርጂያ ዋና ከተማ በትብሊሲ ያካሄደው ጉባኤ፣ የአካባቢ ትምህርት ዕውቀት ከማስጨበጥ አልፎ አመለካከትን፣ ክህሎትንና ተሳትፎን ማዳበር እንዳለበት በመግለጫው አሰፈረ፤ ክህሎትና ተሳትፎ ደግሞ ሰሌዳ ላይ በመጻፍ ብቻ የሚገኙ አይደሉም። በሌላ በኩል፣ ሕንፃዎችን በውኃና በኃይል አጠቃቀማቸው የሚመዝኑ መስፈርቶች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ሲስፋፉ፣ ሕንፃው ራሱ መማሪያ ሊሆን ይችላል የሚለው አስተሳሰብ ሥር እየያዘ መጣ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በቤይንብሪጅ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2002 የተከፈተው አይላንድዉድ ሁለቱን ካገናኙት የታወቁ ማዕከላት አንዱ ነው። ከ100 ሄክታር በላይ በሚሰፋው ግቢው ውስጥ ፍሳሽን በዕፅዋትና በረቂቅ ሕዋሳት የሚያክም ሥርዓት ተሠርቶለታል።

የቦታ መረጣ ከሥነ ሕንፃው ይቀድማል። ደን፣ ሜዳና ወንዝ ወይም ረግረግ በአጭር የእግር መንገድ የሚደረስባቸው ቢሆኑ ለትምህርቱ ይመቻል። ሕንፃው የሚያርፈው ግን ከሁሉ በሚያምረው ሥፍራ ላይ ሳይሆን ቀድሞ በተጎዳው ላይ፣ ለምሳሌ በተተወ እርሻ ወይም ድንጋይ ይወጣበት በነበረ ጥግ ላይ መሆን አለበት። ይህ ለብዙ ባለሀብትና ለብዙ አርክቴክት የማይዋጥ ምክር ነው፤ ጥሩ እይታ ያለው ኮረብታ ሁልጊዜ ያጓጓልና።

የግቢው ሥራ ጎልቶ የሚታየው በውኃው ላይ ነው። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ይሆናል፤ የአሥር ዓመት ልጅ ይህን በዝናብ መለኪያና በሜትር ሊያረጋግጠው ይችላል። ስለዚህ 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ማደሪያ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢያገኝ 2,000 ሊትር ይወርድለታል። ከዚህ ውስጥ የሚተነው፣ ከአሸንዳው የሚፈሰው፣ እንዲሁም አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ ሆን ተብሎ የሚደፋው የመጀመሪያው ውኃ ሲቀነስ ታንከሩ ውስጥ የሚገባው 1,600 ሊትር ያህል ቢሆን ነው። በማደሪያው 60 ሰው አድሮ እያንዳንዱ 6 ሊትር የሚለቅ መጸዳጃ በቀን 5 ጊዜ ቢጠቀም፣ ለዚያ ብቻ 1,800 ሊትር ያልቃል። ደህና የሚባል ዝናብ የአንድ ቀን መጸዳጃን እንኳ አልሸፈነም ማለት ነው። ልጆቹ ሒሳቡን ራሳቸው ከሠሩት፣ ግቢው ሰጋቱራ እየተነሰነሰበት ኮምፖስት የሚሆን ደረቅ መጸዳጃ ለምን እንደመረጠ መምህሩ ብዙ ማስረዳት አይጠበቅበትም።

ንድፉ ይህን ትምህርት እንዲያግዝ ታንከሩ ከሕንፃው ጀርባ አይደበቅም፤ በመግቢያው ላይ ይቆማል፣ የውኃው መጠንም በውጭ በኩል በተገጠመ ግልጽ ቱቦ ይነበባል። ከመታጠቢያና ከወጥ ቤት የሚወጣው ፍሳሽ ሸምበቆ በተተከለበት የጠጠር ገንዳ ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ በጠጠሩና በሥሮቹ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ይበሉታል። ከገንዳው መግቢያና መውጫ በሁለት ብርጭቆ ተቀድቶ ጎን ለጎን የተቀመጠ ውኃ ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ጥያቄ ያስነሣል። ለመጠጥ የሚውለው የዝናብ ውኃ ግን ተጣርቶና በክሎሪን ወይም በአልትራቫዮሌት ጨረር ታክሞ መመርመር ይኖርበታል፤ በዚህ ላይ ለሙከራ የሚተው ነገር የለም።

ስለ ኃይል የሚባለው አጭር ነው፦ አስቀድሞ ፍላጎትን መቀነስ፣ ከዚያ ማመንጨት። መስኮቶቹ በትክክለኛው አቅጣጫ ከተከፈቱና ነፋስ ከዳር እስከ ዳር ካለፈ የሶላር ፓኔሉ ቁጥር ይቀንሳል። ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚያነሣው ፓኔሉን ነው፤ ሆኖም ዝም ብሎ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ስለሆነ ከሁሉም ያነሰ የሚያስተምረው እሱ ይመስለኛል። የምግብ አዳራሹ ይበልጠዋል፤ በየማዕዱ መጨረሻ የተረፈው ምግብ በሚዛን ተመዝኖ ቁጥሩ ከተጻፈ፣ ያለ ምንም ተግሣጽ ልጆቹ የሚበሉትን ያህል ብቻ ማንሣት ይጀምራሉ።

ብዙ ግቢዎች የሚቸገሩት ከምርቃቱ በኋላ ነው። የጠጠር ገንዳው ሲደፈን የሚያጸዳ፣ ኮምፖስቱን የሚያገላብጥ፣ ማጣሪያውን በወቅቱ የሚቀይር ሠራተኛ በበጀት ካልተያዘ ሥርዓቱ ቆሞ ይቀርና የሚያስተምረው ክሽፈትን ይሆናል። የእግር መንገዶችም እንዲሁ ናቸው፤ ብዙ እግር ሲመላለስባቸው አፈሩ ይጠጥራል፣ ውኃ መምጠጡን ያቆማል፣ ጎርፍ ይቦረቡረዋል። ስለዚህ በአንድ ቀን ስንት ቡድን እንደሚገባ መወሰንና መንገዶቹን በየተራ ማሳረፍ ያስፈልጋል።

ይህ ውሳኔ በግምት እንዳይሆን መነሻው መታወቅ አለበት። የመጀመሪያው መሠረት ከመቆፈሩ በፊት በቦታው የሚገኙት ዕፅዋትና አእዋፍ ይቆጠራሉ፣ የወንዙ ውኃ ጥራት ይለካል፣ ፎቶግራፍ በቋሚ ነጥቦች ይነሣል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሚመጡ ተማሪዎች በእነዚያው ነጥቦች ላይ ቆመው መዝገቡን ይቀጥላሉ፣ ግቢው መሬቱን እየጠቀመ ይሁን እየጎዳ የሚታወቀውም ከዚሁ መዝገብ ነው። ግንባታው ከተጀመረ በኋላ ግን የቀድሞውን ሁኔታ መልሶ መለካት አይቻልም።