የዲኤንኤ ምርመራ ምንድን ነው? አንዱ ከሌላውስ በምን ይለያል?

ከሱሉልታ ወጣ ብሎ ያለ የእርሻ መሬት ለልማት ተፈልጎ ካሳ ሊከፈል ነው እንበል። ባለይዞታው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ከታወቁት ወንዶች ልጆቻቸው ሌላ አንድ ጎልማሳ «እኔም የእሳቸው ልጅ ነኝ» ብሎ ይቀርባል። «ዲኤንኤ ይታይ» ማለት ቀላል ነው፤ የትኛው ዓይነት ምርመራ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም።

ዲኤንኤ ግማሹን ከእናት፣ ግማሹን ከአባት የምንወርሰው ዘረመል ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት አሌክ ጄፍሪስ እ.ኤ.አ. በ1984 የዘረመል አሻራን፣ ማለትም ሰውን በዲኤንኤው የመለየት ዘዴን፣ ሲያገኙ፣ ዘዴው በርከት ያለና ያልተበላሸ ናሙና የሚፈልግ፣ ሳምንታትም የሚፈጅ ነበር። ዛሬ ጉንጭን ከውስጥ በጥጥ አብሶ የሚገኘው ጥቂት ሴል ይበቃል፤ ዲኤንኤን በሚያባዛው፣ ፒሲአር በተባለው ዘዴ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆነ በ30 ዙር ከ1 ቢሊዮን ይበልጣልና።

ከዚያ ኤስቲአር የሚባሉት፣ አጭር ቅደም ተከተል እየተደጋገመ የሚገኝባቸው 20 ያህል ቦታዎች ይታያሉ። አባት በአንዱ ቦታ 9 እና 12 ድግግሞሽ ካለው ልጁ ከሁለቱ አንዱን መያዝ አለበት። አንድ ቦታ ብቻ አለመግጠሙ በሚውቴሽን፣ ማለትም ዘረመሉ ሲተላለፍ በሚፈጠር ለውጥ፣ ሊመጣ ስለሚችል ባለሙያ አይቸኩልም፤ በብዙ ቦታ ካልገጠመ ግን አባትነቱ ውድቅ ይሆናል። የውጤት ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው 99.99 በመቶ የአባትነት ዕድልም የመሣሪያው ጥራት ሳይሆን፣ የተገኙት ቁጥሮች በሕዝቡ ዘንድ ምን ያህል የተለመዱ እንደሆኑ ታይቶ የሚወጣ ስሌት ነው።

በእኛ ጉዳይ ግን አባት የሉም፤ በአባት ብቻ የሚገናኙ ወንድማማቾችን በኤስቲአር ማወዳደር ደግሞ ብዙ ጊዜ አጥጋቢ መልስ አይሰጥም። ስለዚህ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ሳይለወጥ ለማለት በሚቻል ሁኔታ የሚተላለፈው፣ ዋይ ክሮሞዞም የሚባለው የዲኤንኤ ክፍል ይመረመራል። ከገጠመ በአባት በኩል የአንድ ዘር ሐረግ መሆናቸውን ያሳያል፤ ችግሩ የአባት ወንድም ወንድ ልጅም እኩል ይገጥማል። ካልገጠመ አባታቸው አንድ አይደለም፤ የሟቹ ልጅ ያልሆነው የትኛው ነው የሚለው ግን ሌላ ጣጣ ነው። ጠያቂዋ ሴት ብትሆን ዋይ የላትም፤ ሟቹ ሴት ልጅ ካላቸው ግን የሁለቱ ኤክስ ክሮሞዞም ይነጻጸራል፤ አባት ያለውን አንድ ኤክስ ለሴት ልጆቹ ሁሉ ይሰጣልና። በእናት በኩል ብቻ የሚወረሰው የሚቶኮንድሪያ (ለሴሉ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) ዲኤንኤ ለአሮጌ አጥንትና ሥር ለሌለው ፀጉር እንጂ ለዚህ ክርክር አይጠቅምም።

የጎልማሳው እናት በሕይወት ካሉ የእሳቸውም ናሙና ቢወሰድ ይበጃል፤ ከእናቱ ያገኘው ሲቀነስ የቀረው የአባቱ ነው።