«የጣሊያን ቤት» ምንድን ነው?

ጅማ ላይ አድራሻ ስትጠይቁ «ከጣሊያን ቤቱ አለፍ ብሎ» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። ደርሳችሁ ስታዩት ጣሊያን የሚመስል ነገር የለም። በረንዳው ላይ ጀበና ተጥዷል፣ በጎን በኩል ፎቶ ኮፒ ይነሳል፣ ከኋላ ልብስ ተሰጥቷል።

በጥሬው ሲፈታ ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ የተሠራ ቤት ማለት ነው። ጣሊያኖች በ1929 ዓ.ም. ጅማ ገብተው የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው ዋና ከተማ አደረጓት። ቢሮውም መኖሪያውም በጥድፊያ ተገነባ። የፋሽስቶቹ ደንብ ነጩን ካገሬው ለይቶ ማስፈር ነበርና ዛሬም እንዲህ ያለ ቤት የሚፈለገው ፈረንጅ አራዳ በሚባለው ሰፈር ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። ሰኔ 1933 ላይ ነገሩ አበቃ። አምስት ዓመት እንኳ አልሞላም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜያቸው ግን ከ80 ዓመት ያልፋል። መንግሥት ቢሮ አደረጋቸው፣ ነጋዴ ሱቅ ከፈተባቸው፣ ሰው ወልዶ ከበደባቸው። ሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከፍ ያለው ለመንግሥት ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። ሰፊው ክፍል በኮምፔርሳቶ ተከፍሎ ለሁለት ለሦስት አባወራ ተዳረሰ። (ኮምፔርሳቶም ኮርኒስም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ቤቱን ሲከፋፍሉት እንኳ በነሱ ቃል ነው!)

በምን ይለያል? ግድግዳውን እዩ። ድንጋዩ ወፍራም ስለሆነ የመስኮቱ ደፍ ላይ ሰው ተመቻችቶ ይቀመጣል። ሚስማር ብትመቱበት ሚስማሩ ይጣመማል። ሆኖም ተጠንቀቁ፤ ከ1933 በኋላ የተሠራ የድንጋይ ቤትም በዚሁ ስም ይጠራል። ጭቃ ቤት በበዛበት ከተማ «የጣሊያን» ማለት ቀስ በቀስ «ጠንካራ» ማለት ሆኗል። ልፋቱ የማን እንደሆነ ግን አይዘንጋ፤ ድንጋዩን ተሸክሞ ያቀረበው ብዙውን ጊዜ ያገሬው ሰው ነው።

ችግሩ እድሳት ላይ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ያለ ፈቃድ ብዙ ነገር መንካት አይችልም። አከራዩም ቶሎ አይደርስለትም። ባለፈው ክረምት አንዱ ጋ ቡና ልጠጣ ገብቼ ውሃ ትከሻዬ ላይ ጠብ አለ። ቀና ብዬ ግድግዳውን ሳይ ቡና የምታፈላው ሴት ሐሳቤ ገባት።

«እሱማ ምንም አይለው፤ ቆርቆሮው ነው» አለችኝ፣ ባልዲውን በእግሯ ወደኔ እየገፋች።