ሆድ ድርቀት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሆዴ የደረቀው ውሃ ስለማልጠጣ ነው»

ውሃ ማነስ ያባብሰዋል፤ ግን ቀኑን ሙሉ ውሃ እየጠጣም ሆዱ የሚደርቅ ሰው ሞልቷል። ሰገራ የሚጠነክረው ትልቁ አንጀት ውስጥ ሲዘገይ ነው፤ በቆየ ቁጥር አንጀት ውሃውን ይመጠዋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ለምን እንደዘገየ ነው።

አንጀት በግድግዳው ውስጥ የራሱ ነርቮች አሉት። ከሚግባቡባቸው ኬሚካሎች መካከል ኒውሮፔፕታይድ የሚባሉ አጫጭር የፕሮቲን ሰንሰለቶች ይገኙበታል። ምግብ ግድግዳውን ሲወጥረው ከኋላው ያለው ጡንቻ በአሴቲልኮሊንና በሰብስታንስ ፒ ይኮማተራል፣ ከፊቱ ያለው ደግሞ በናይትሪክ ኦክሳይድና ቪ አይ ፒ በሚባለው ኒውሮፔፕታይድ ይላላል። የጥርስ ሳሙና ክዳኑ ሳይከፈት ቢጨመቅ አይወጣም፤ ይህም እንደዚያው ነው። አንዳንድ ሕፃናት የአንጀታቸው መጨረሻ እነዚህ ነርቮች ሳይኖሩት ይወለዳሉ፤ ያ ክፍል አይላላም። አራስ ልጅ በ48 ሰዓት ውስጥ ካላስወጣ ሐኪም ማየት አለበት፤ አብሽና ቅቤ የሚሞከርበት ጊዜ አይደለም።

«ማስታገሻ ከሆድ ጋር ምን አገናኘው?»

ፓራሲታሞል ከሆነ፣ ብዙም። ኮዴይን፣ ትራማዶልና ሞርፊን ግን ሌላ ናቸው። ኢንኬፋሊን የሚባለው ፔፕታይድ የአንጀት ፍሬን ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶች የሚይዙት ያንኑ ፍሬን ነው። ግፊቱ ይቀንሳል፣ ወደ አንጀት የሚመነጨው ፈሳሽም ያንሳል። ማቅለሽለሹንና እንቅልፉን ሰውነት ይለምደዋል፤ ድርቀቱን ግን አይለምደውም። ታዞላችሁ ከሆነ በራሳችሁ አታቁሙ፤ የሚያስወጣ መድኃኒት አብሮ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

«ተልባ በብዛት ከጠጣሁ ይፈታልኛል»

ለተራ ድርቀት ጥሩ ነው፦ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ፣ መጠኑን ቀስ እያሉ በመጨመር። በእነዚያ ማስታገሻዎች ፍሬኑ በተያዘ አንጀት ላይ ግን ጭነት መደራረብ ነው፤ ሆድ ይነፋል።

«ቢሳኮዲል ቶሎ ካልሠራ ይደገማል»

ቢሳኮዲል ሰገራ የሚያስወጣ መድኃኒት ነው፤ ባለ 5 ሚሊግራሙ ፍሬ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይፈልጋል። ማታ ተውጦ ጠዋት ይጠበቃል። አይታኘክም፤ ከወተት ወይም ከጨጓራ አሲድ ማብረጃ ጋርም አይወሰድም፣ ሽፋኑ ጨጓራ ላይ ሟሙቶ ቁርጠት ያመጣል። ሆድ ተነፍቶ፣ እያስመለሰ፣ አየር እንኳ አልወጣ ካለ ግን ምንም ሳይውጡ ድንገተኛ ክፍል ነው።

«በየቀኑ ካልወጣሁ መርዝ ይጠራቀማል»

አይጠራቀምም። በቀን 3 ጊዜም በሳምንት 3 ጊዜም ጤነኛ ነው።

«ሲመጣ እችለዋለሁ»

ትልቁ አንጀት በደንብ የሚነቃው ቁርስ እንደተበላ ነው፤ ኮሌሲስቶካይኒንን የመሰሉ ፔፕታይዶችም ይሳተፉበታል። በዚያች ሰዓት ግን ብዙ አዲስ አበቤ አራት ኪሎ ወይም ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሟል። ስሜቱ ሲታፈን ያልፋል፣ ሰገራው ግን እዚያው ሆኖ ይደርቃል። 20 ደቂቃ ቀድሞ ቁርስ በልቶ መቀመጥ ይሻላል፤ በሲቲንግ ሽንት ቤት ከሆነ እግርን ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ አድርጎ፣ ጉልበት ከዳሌ ከፍ ብሎ፣ ሳያምጡ፣ ከ10 ደቂቃ ሳያልፉ። ስልኩ ውጭ ይቆይ።