ከብሬከር ሳጥን በላይ ስለሚያልፍ ቧንቧ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ውስጥ የቤት ኤሌክትሪክ መዘርጋት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ከሰኞ ገበያ እስከ ሸዋ በር ብዙ ቤት ገብቻለሁ። ግንባታ ላይ ሁልጊዜ የሚያከራክረኝ አንድ ነገር አለ። የብሬከር ሳጥኑን ግድግዳ ላይ አስሬ እሄዳለሁ። በሳምንቱ ስመለስ ልክ ከአናቱ በላይ የውሃ ቧንቧ ተዘርግቶ ይጠብቀኛል። «ይነሳ» ስል የሚሰጠኝ መልስ ከቤት ቤት ብዙም አይለያይም። እነዚያን መልሶች አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ባዶ ግድግዳ ነው፣ ቢያልፍበት ምን አለበት?»

ባዶ አይደለም። ከሳጥኑ በላይ ያለው ቦታ የሳጥኑ ነው። ብዙዎቹ ሽቦዎች የሚገቡት ከላይ ነው። ነገ ምጣድ ወይም የውሃ ማሞቂያ ሲጨመር አዲሱ መስመርም የሚመጣው በዚያው ነው። ውሃ ደግሞ የሚወርደው ወደ ታች ነው።

የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ይህን በቁጥር አስቀምጦታል። በሳጥኑ ወርድና ጥልቀት ልክ፣ ከወለሉ ተነስቶ ከሳጥኑ አናት በላይ እስከ 1.8 ሜትር ድረስ ቧንቧም ሆነ የአየር ቱቦ አይገባም። ጣሪያው ከዚያ በታች ከሆነ ክልሉ እስከ ጣሪያው ነው። በእኛ ቤቶች ከፍታ ሲታሰብ፣ በተግባር እስከ ሶሌታው ማለት ነው። ደንቡ የአሜሪካ ነው፣ ደሴ ላይ አያስገድድም። ውሃ ግን የትም አገር ያው ውሃ ነው። እኔ በዚህ ልክ ነው የምሠራው።

«ከኮርኒስ በላይ ነው፣ አይታይም»

ይሄ እንዲያውም ይብሳል። ኮርኒስ ጣሪያ አይደለም፤ ክልሉ ኮርኒሱን አልፎ እስከ ሶሌታው ይቀጥላል። የተሸፈነ ቧንቧ ሲያፈስ ደግሞ ማንም አያይም። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ስታዩ ውሃው ብዙ ቀን ተኝቶበታል።

«ብሬከር አለው፤ ውሃ ከገባ ራሱ ይቆርጣል»

በጣም የሚያስጨንቀኝ ይህኛው ነው። ተራ ብሬከር የሚቆርጠው የሚያልፍበት ከረንት ከልኩ ሲበልጥ ወይም ሾርት ሲፈጠር ነው። ጠብ ጠብ የሚል ውሃ መጀመሪያ ላይ ያን ያህል ከረንት አይስብም። የሚያደርገው ሌላ ነው። ሽቦው የታሰረበትን ብሎን ያዝገዋል። የዛገ ማሰሪያ ይሞቃል። ሲሞቅ ይላላል፣ ሲላላ የበለጠ ይሞቃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ብሬከሩ ምንም አያውቅም፤ በእሱ በኩል የሚያልፈው ከረንት ያው ነውና።

ሌላም አለ። ከቆጣሪ የሚመጣው ሽቦ ዋናው ብሬከር ላይ የታሰረበት ጫፍ፣ ዋናውን ብታጠፉትም 220 ቮልት እንዳለው ይቆያል። ሽቦው ከላይ በሚገባበት ሳጥን ውሃው ቀድሞ የሚደርሰው እዚያ ነው። 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚቆርጥ የሊኬጅ መከላከያ (ከረንት ከመስመሩ ሲያፈተልክ የሚቆርጥ) ቢኖራችሁም የሚጠብቀው ከእሱ በኋላ ያለውን መስመር ነው። ከእሱ በፊት የሆነውን አያይም።

አንድ ቤት አስታውሳለሁ። ሮቶው ሶሌታ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሌሊት ነው የሚሞላው። ተንሳፋፊው ኳስ ተጣብቆ ውሃው አንድ ሌሊት ሞልቶ ፈሰሰ። ሽቦ ያለፈበትን ቱቦ ተከትሎ ሳጥኑ ውስጥ ገባ። መብራቱ አልጠፋም፣ ቤተሰቡም ወለሉን ወልውሎ ረሳው። ከወራት በኋላ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተታቸውና ጠሩኝ። ስከፍተው የዋናው ብሬከር ማሰሪያ ጠቁሮ፣ የሽቦው ልባስ ቀልጦ ነበር። ያ ሳጥን የሚገኘው ልጆች በሚተኙበት ክፍል በር ላይ ነው። ለዚህ ነው በዚህ ነገር የምከራከረው።

«ፒፒአር ነው፣ አያፈስም»

ፒፒአር በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። ቧንቧው ራሱ ጥሩ ነው። ችግሩ መገጣጠሚያው ላይ ነው። ፒፒአር የሚበየደው 260 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚሞቅ ማሽን ነው። ሠራተኛው ቸኩሎ በደንብ ካላሞቀው ወይም እስከ መጨረሻው ካላስገባው መገጣጠሚያው ለጊዜው ይይዛል፣ በኋላ ይለቃል። ከብረት ጋር በጥርስ የሚያያዝበት ቦታም አለ። ፈረቃው ደግሞ የራሱን ጣጣ ያመጣል። ባዶ የከረመ መስመር ውሃ ሲለቀቅበት በአየር እየተንፈቀፈቀ ይመታል። ደሴ የኖረ ሰው ያንን ድምፅ በእንቅልፍ ልቡም ያውቀዋል። እያንዳንዱ ምት መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል።

«ካላፈሰሰ ችግር የለውም»

ያልበዋል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሮቶ ውስጥ ያደረ ውሃ ጠዋት እጅ ያደነዝዛል። ያ ውሃ ድስት በሚንተከተክበት ማዕድ ቤት በብረት ቧንቧ ሲያልፍ፣ እንፋሎቱ ቧንቧው ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ኮምቦልቻ ወረድ ብላ ሞቅ ስለምትል፣ የማቀዝቀዣ መስመር ባለበት ፋብሪካ ወይም መጋዘን ላቡ ይብሳል። ቧንቧውን በስፖንጅ መጠቅለል ላቡን ይቀንሳል። ቢፈነዳ ግን አያድንም።

«የፍሳሽ ነው፣ ግፊት የለውም»

ለመንጠባጠብ ግፊት አያስፈልግም። ፍሳሽ ደግሞ ሳሙናና ጨው ስላለው ኤሌክትሪክን ከንጹሕ ውሃ በተሻለ ያስተላልፋል።

«ሳጥኑ ክዳን አለው»

የቤት ውስጥ ሳጥን ክዳን እጅ እንዳይገባ ነው የተሠራው። ሳጥኑ ላይ «አይፒ» የሚል ጽሑፍ ከሁለት ቁጥር ጋር ታገኛላችሁ። ሁለተኛው ቁጥር ስለ ውሃ ነው። 0 ከሆነ ከውሃ ምንም ጥበቃ የለውም ማለት ነው። ላስቲክ ማልበስም መፍትሔ አይሆንም፤ ሙቀት ያፍናል፣ ውሃውም በሽቦው በኩል መግባቱን አይተውም።

«እንግዲያው እዚያ ክፍል ቧንቧ ጭራሽ አይግባ?»

እንደሱም አይደለም። ክልሉ የሳጥኑ ወርድና ጥልቀት ነው። ቧንቧው ጎን ለጎን፣ ራቅ ብሎ ማለፍ ይችላል። ከፊት ለፊት ግን ቆሞ ለሚሠራ ሰው 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይተው።

«ውሃ ከገባ ጠርጎ ማድረቅ ነው»

አትንኩት። መጀመሪያ ውሃውን ከሮቶው ዝጉ። ወለሉ ከረጠበ ወደ ሳጥኑ አትጠጉ፤ መብራት ኃይል ደውላችሁ ከውጭ ይቆረጥ። ውሃ የገባበት ብሬከር ይቀየራል እንጂ ደርቆ አይመለስም። ውስጡ ያለው ስፕሪንግና መቁረጫ ከዛገ፣ በክፉ ቀን ላይቆርጥ ይችላል።

ቤት እየሠራችሁ ከሆነ ቀላሉ መንገድ ይኸውላችሁ። ቧንቧ ሠራተኛው ከመምጣቱ በፊት ሳጥኑ የሚቀመጥበትን ቦታ ከወለል እስከ ሶሌታ በቀይ ጠመኔ አስምሩ። መሐሉ ላይ «ቧንቧ አይለፍ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ። ቧንቧው ቀድሞ ካለፈ ደግሞ ግድግዳው ሳይለሰን አስነሱት፤ በዚያ ሰዓት የሚጠፋው ጥቂት ሜትር ፒፒአርና የግማሽ ቀን ሥራ ነው።