ባለወፍጮውን ከመውቀሳችን በፊት፦ ስለ በቆሎ ፍሬና ዱቄት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከቡሬ እስከ መራዊ፣ በቆሎ በሚበዛበት የጎጃም ምድር፣ ዱቄት ሲሻክር ወይም ሲመር መጀመሪያ የሚወቀሰው ባለወፍጮው ነው። አንዳንዴ ድንጋዩ ሳይወቀር ቆይቶ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ያለቀለት በቆሎው ገና ከቤት ሳይወጣ ነው።

«ፍሬው ትልቅ ከሆነ ዱቄቱ ይበዛል»

ሰፈር ወፍጮ ቤት በቆሎ የሚፈጨው ከነገለባው ነው። ስለዚህ ኩንታሉ ኩንታል ነው፤ ፍሬው ተለቀ አነሰ ዱቄቱ ያው ነው። ልዩነቱ የሚመጣው በጣሳ ስትሸምቱ ነው። ሞላ ያለ ጠንካራ ፍሬ ከተጨማደደው ይከብዳል።

«ጠንካራ በቆሎ ለወፍጮ አይሆንም»

አንድ ፍሬ በቢላ ለሁለት ሰንጥቁና እዩ። ዳር ዳሩ የሚያብረቀርቅ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። መሃሉ ደግሞ እንደ ኖራ ነጭ፣ ዱቄታም ነው። የሚያብረቀርቀው ሲበዛ ፍሬው ጠንካራ ይሆናል። ለመፍጨት ጉልበት ይፈጃል፣ እውነት ነው። ለቅንጬ ግን የሚፈለገው እሱ ነው፤ ሲከካ አይደቅም። ነቀዝም እንደ ለስላሳው ቶሎ አይደፍረውም። የላመ ዱቄት የሚፈልግ ሰው መሃሉ ነጭ የበዛበትን ይምረጥ።

«ቢጫው ጠንካራ፣ ነጩ ለስላሳ ነው»

ቀለም ሌላ፣ ጥንካሬ ሌላ። ቢጫው ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር አለው። የከብት መኖ ተብሎ ሲናቅ ያሳዝነኛል።

«ይድረቅ እንጂ እንዴትም ይድረቅ»

እርጥብ በቆሎ ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል፣ ዱቄቱም ይጓጉላል። ለማከማቸት እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ ወይም ከዚያ በታች መውረድ አለበት። መለኪያ የለኝም የሚል ሰው ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ደረቅ ጨውና ጥቂት ፍሬ ጨምሮ፣ ከድኖ፣ ለጥቂት ደቂቃ ይነቅንቀው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ።

እሳት ዳር በጥድፊያ ማድረቅም የራሱ ጣጣ አለው። ፍሬው ከውስጥ ይሰነጠቃል። ከላይ ደህና ይመስላል፤ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ ስታዩት ግን መስመሩ ይታያል። እንዲህ ያለው ሲከካ ይፈረካከሳል፤ ደህና ቅንጬ አይወጣውም።

«ዱቄቱን ያመረረው ወፍጮው ነው»

በፍሬው የሹል ጫፍ በኩል ቡቃያ የሚሆነው ክፍል አለ። ከፍሬው ክብደት አንድ አስረኛ ገደማ ነው፤ የበቆሎው ዘይት አብዛኛው ግን እዚያ ነው ያለው። ሲፈጭ ዘይቱ ከአየር ጋር ይገናኛል፣ ሲሰነብት ይበላሻል፣ ምሬቱም ከዚያ ይመጣል። መፍትሔው ቶሎ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ማስፈጨት ነው። ከወፍጮ በትኩሱ የወጣውን ዱቄት ደግሞ ሳይበርድ አትቋጥሩ፤ ወበቁ ወደ እርጥበት ይለወጣል።

«ሻጋታው ተፈጭቶ ከበሰለ ይጠፋል»

አይጠፋም። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምለው። አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል፣ ጉበት የሚጎዳና ለካንሰር የሚዳርግ መርዝ ያመርታል። ወፍጮም ምጣድም አያስወግደውም። የሻገተውን፣ የጠቆረውንና የተቦረቦረውን ከመፍጨት በፊት በእጅ ልቀሙ። የተለቀመውንም ለላም አትስጡ፤ መርዙ በወተቷ በኩል ወደ ልጆች ይመለሳል።